ስለ ደረጃችን፦ ለዋንዛ ሜዳ ቤቶች ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዋንዛ ሜዳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮጀክት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የጉና ብርድ ከአጥንትዎ ይራቅ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ወጥተው የሚገቡበት ደጅ አይጥፋብዎ እያልኩ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ዝቅ ብዬ ያልኩት ለአክብሮት ብቻ ነው፤ አሁን ያለሁት ከፍ ብዬ ነው፤ ምክንያቱን ወደታች እገልጻለሁ።

ስሜ ይሻው ዓለምነው ይባላል። በደብረ ታቦር ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ከገቡት አቤቱታዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የእኔ እጅ ያረፈባቸው ስለሆኑ፣ ሳንተያይ የቆየን ወዳጆች ነን ብል ድፍረት አይሆንብኝም። ይህ ግን አቤቱታ አይደለም። አቤቱታ ምን እንደሚደረግ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ምስጋና ማቅረብ መርጫለሁ።

አንደኛ፦ እናቴን ወይዘሮ አበበችን ከክብር እንግዶች ጎን ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ሕንፃው ያረፈበት መሬት የእናቴ የጭቃ ቤት፣ የጌሾ አጥራቸውና አንዲት የኮክ ዛፍ የነበሩበት ነው። ለልማት ነው ሲባሉ ያለ ክርክር ለቀቁ። የመሠረቱ ድንጋይ በተጣለ ዕለት ድንኳን ተተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ ቆሞ፣ እርስዎም ከካርቶን የተሠራ የሰው ክንድ የሚያህል ቁልፍ አስረከቧቸውና «እማማ፣ ለክረምት ይገባሉ» አሏቸው። እናቴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ይሻው፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ቤት ብሎ ነው የመጣው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። የትኛው ክረምት እንደሆነ ሳንጠይቅ መቅረታችን የእኛ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ትዕግሥት ትምህርቱ። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተከደነ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ቆመ በሬ ባለበት ቀረ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በመጣሁ ቁጥር «በጀቱ ከላይ እየተጠበቀ ነው» ተባልኩ። እኛም በኪራይ ቤት ተቀምጠን ወደላይ እያየን ቆየን። በመጨረሻ አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ክፍሉን ፈለጉት። አልፈርድባቸውም፣ ልጅም ይዳራል። በዚያው ሰሞን ክቡርነትዎ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ደረሰልን። ሁለት ነገር ይል ነበር፦ ዕድለኞች የቀረውን በራሳቸው እያጠናቀቁ መግባት ይችላሉ፤ ባዶ ሆኖ የተገኘ ቤት ግን ለተጠባባቂ ይተላለፋል። የመጀመሪያውን አንብበን ተደሰትን፣ ሁለተኛውን አንብበን ዕቃ ማሰር ጀመርን።

ሦስተኛ፦ ስለ ሁለተኛው ፎቅ ዕይታ። የእኛ ቤት የደረሰን ከሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሲሚንቶው ደረጃ ከምድር ተነሥቶ አንደኛ ፎቅ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ተቋራጩ ለሠራተኞቹ የዘረጋው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ብቻ ነበር። የእናቴ የግራ ጉልበት ከታመመ ወዲህ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመን አወጣናቸው። ሰው በቃሬዛ ሲወሰድ ወዴት እንደሆነ እዚህ አገር ማንም ያውቃልና፣ ባጃጅ ሾፌሮች ሞተር እያጠፉ ነጠላ የሌላቸውም ቆብ እያወለቁ ቆሙ። እናቴ ቀና ብለው «እግዜር ይስጣችሁ፣ ገና ነኝ» አሏቸው።

ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። መስታወት የሌለው መስኮት ላይ ፕላስቲክ ወጠርኩ፣ አልጋቸውን ከሥሩ አደረግሁ። እሳቸው ወደታች አዩና፣ «እዚህ ጋ ነበር ማድቤቴ። እንግዲህ በላይዋ ተኛሁ» አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የእኔ እናት ግን ላሚቱ ዘንድ ወጥተው ተቀመጡ።

አራተኛ፦ ተቋራጩን እሸቴን ክፍያ ስላስጠበቁልን። ለእሱ የሚገባው ክፍያ እንዳልተለቀቀለት ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ማለዳ፣ እኔ ከፍርድ ቤቱ በር ሥራዬ ላይ ሳለሁ፣ ከሠራተኞቹ ጋር መጥቶ መወጣጫውን ሊነቅል ጀመረ። የሆነውን የነገረችኝ አንደኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችን ሐሊማ ናት።

«እማማ አበበች፣ ይውረዱ፤ እንጨቱን ላነሣው ነው» አለ እሸቴ።

«ወርጄ የት ልገባ?»

«እኔ ምን ላድርግ እማማ? ለሠራተኛ የምከፍለው አጥቻለሁ። እብናት ሌላ ሥራ ይዣለሁ፤ እንጨቱ ደግሞ የራሴ ነው።»

«እንጨትህን ውሰድ፣ ማን ከለከለህ። እኔ ግን ባዶ ነው ብለው ለሌላ ይሰጡብኛልና አልወርድም።»

ሐሊማ ከታች፣ «እማማ፣ እኔ ጋ ይግቡ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ ጋማ እገባለሁ ልጄ። እኔ ጋ ማን ይግባልኝ?»

እሸቴ ሚስማር መንቀሉን ቀጠለ። ማታ ስመለስ ከአንደኛ ፎቅ በላይ አየር ብቻ ነበር። እናቴ ከላይ ሆነው፣ «መጣህ? ራትህን ምን በልተህ ታድር ይሆን ስል ነበር» አሉኝ።

አምስተኛ፦ ስለ አዲሱ ኑሯችን። የሐሊማ ባል ነስሩ ቀለም ቀቢ ነው፤ መሰላል አለው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት በመሰላሉ ያወርደኛል፣ ማታ ሲመለስ ያወጣኛል። ሥራ ሲበዛበት እኔ ከሐሊማ በር ቁጭ ብዬ የሰው ቤት ቀለም እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። እናቴ ግን መሰላል አይወጡም፣ አይወርዱም። ምሳቸውን ሐሊማ ጾማቸውን እየጠበቀች፣ ሳሕኑንም ለይታ፣ በቅርጫት ትሰድላቸዋለች፤ እሳቸው በገመድ ይስባሉ። ውኃው በባልዲ ይወጣል። ስለ ቀረው ነገር፣ ደብዳቤው የጨዋ ደብዳቤ ስለሆነ ዝም እላለሁ፤ ባልዲው ሁለት እንደነበር ብቻ ይታወቅልኝ።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፍልሰታን ቤት ውለው አያውቁም። የቅዳሴው ዜማ በድምፅ ማጉያ እስከ መስኮታችን ይደርሳል፤ እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ድምፁ ዞረው ይቆማሉ። የንስሐ አባታችን ከታች ቆመው መስቀላቸውን ወደላይ ዘርግተው ባረኩልኝ። ጠበሉን በባልዲ ላክንላቸው። እናቴን «እንዴት ዋሉ?» ስላቸው፣ «ምን እሆናለሁ፣ ለሰማይ ቅርብ ነኝ» ይሉኛል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ በኋላ ግን የሚሉት ሌላ ነው፤ «አፈር በእግሬ ልረግጥ አማረኝ።»

ስድስተኛ፦ በቢሮዎ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ። ወንበር ሰጥተውኛል፤ ይህን አልረሳም። ደረጃው ይሠራልን፣ ካልሆነም ሁለት ጣውላና ጥቂት ምሰሶ ይሰጠን ብዬ ማመልከቻዬን ሳቀርብ አንብበው፣ «ጽሑፉ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከሙያ ሰው የመጣ ምስጋና ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያም፣ «ግን ቤቱ በማን ስም ነው?» አሉ።

«በእናቴ።»

«እንግዲያው ባለጉዳይዋ በአካል ቀርበው ይፈርሙ።»

«ክቡርነትዎ፣ መውረጃ ስለሌላቸው እኮ ነው የመጣሁት።»

«ገብቶኛል አቶ ይሻው። መመሪያው ግን በአካል ነው የሚለው። ደግሞም ሕንፃው በይፋ ርክክብ አልተደረገበትም፤ ርክክብ ያልተደረገበት ሕንፃ ውስጥ ነዋሪ የለም። ነዋሪ ከሌለ መውረጃ ያጣ ሰው አለ ብዬ ወደ በላይ አካል እንዴት ልጻፍ?»

የማመልከቻ ጸሐፊ ቃል ሲያጣ ምን ያህል እንደሚያፍር እርስዎ አያውቁትም። አመስግኜ ወጣሁ፤ ያኔ አጉድዬ ያመሰገንኩትን ነው አሁን በዝርዝር የማሟላው።

ሰባተኛ፦ ያም ሆኖ ጉዳያችንን ችላ አላሉትም። ባዶ ቤት የሚያጣራ ባለሙያ ላኩልን። ሰውየው አንደኛ ፎቅ ደርሶ ቀና አለ፤ ደረጃ ፈለገ፤ አጣ።

«ሰው አለ?» ብሎ ተጣራ።

«አለሁ! አበበች ነኝ!» አሉ እናቴ።

«ሰምቻለሁ እማማ። በዓይኔ ግን ማየት አለብኝ።»

እናቴ እየተንፏቀቁ መጥተው ለደረጃው ተብሎ ወለሉ ላይ በተተወው ቀዳዳ አንገታቸውን አወጡ። «ታየሁህ?»

«ራስዎን አይቻለሁ፤ መኖርዎን የማረጋግጠው ግን ከውስጥ ገብቼ ነው።»

«ና ግባ እንግዲህ፣ ማን ከለከለህ» አሉት።

ነስሩ መሰላሉን ይዞ ወጥቶ ስለነበር ሰውየው ሊገባ አልቻለም። ሲሄድ ለሐሊማ የነገራት፣ ሊደረስበት ያልቻለ ቤት ባዶ እንደሆነ እንደሚገመት ነው። በሳምንቱም የእናቴ ቤት በበርዎ ላይ ባዶ ከተባሉት ጋር ተለጥፎ አየሁት፤ ሌላ ማጣሪያ እስኪደረግ ድረስ የሚል ቸርነት ከሥሩ ታክሎበታል። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮት ሥር ከሆነው አልጋቸው ተነሥተው ከቀዳዳው አጠገብ መተኛት ጀመሩ፤ አጣሪው ድንገት ቢመጣና እንቅልፍ ይዟቸው ቢያልፍ ብለው። ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚገባው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እናቴ ሳል ጀመራቸው። ብርድ ነው አሉኝ። ቆይቶ ጎናቸውን ይዘው መተንፈስ አቃታቸው፤ ትኩሳቱ በብርድ ልብሱ ላይ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ነስሩና እኔ በመሰላሉ ልናወርዳቸው ሞከርን፤ እግራቸው አልታጠፍ አለ፣ እኔ ከሥር፣ እሱ ከላይ ሆነን መሰላሉ ሲሸራተት «ተዉኝ፣ ትሞታላችሁ» ብለው አስቆሙን። ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል። የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ ለእሸቴ ስልክ ደወልኩ። ልወቅሰው ነበር የፈለግሁት። «እሸቴ፣ እናቴ ሊሞቱብኝ ነው» ከማለት በቀር ግን ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«ያ እንጨት ነው አይደል?» አለ። «መጣሁ።»

ከእብናት እንጨቱን በአይሱዙ ጭኖ፣ በጭቃ እየተንሸራተተ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ማንም አልከፈለውም፣ ማንም አላዘዘውም። እሱ፣ ሁለት ሠራተኞቹና ነስሩ በዝናብ ውስጥ ሚስማር መቱ። እናቴ መወጣጫው እንደቆመ ሲያዩ ግን ደስ አላላቸውም። እጄን ያዙኝ።

«አልወርድም።»

«እናቴ፣ ሐኪም ቤት ነው እኮ።»

«ስወርድ ባዶ ይሆናላ። አንተም ልትከተለኝ ነው። በአባትህ አጥንት ማልልኝ፤ እስክመለስ ከዚህች ቤት ላትወጣ።»

«ብቻዎን እንዴት ይሄዳሉ?»

«ብቻዬን ነው እንዴ? ይሄ ሁሉ ሰው አለ። ማልልኝ።»

ማልኩ። ቃሬዛውን እሸቴና ነስሩ ተሸከሙት፤ እኔ እስከ ቀዳዳው ጫፍ ይዤ ለቀቅሁ። ሐሊማ በዚህ ክረምት ነፍሰ ጡር ናትና መወጣጫም መሰላልም አትወጣም፤ ታች ቆማ በጃንጥላ ተቀበለቻቸው። እኔ በመስኮት ቆሜ ባጃጁ እናቴን ይዞ ሲሄድ አየሁ። የወለደችኝን ሴት ታማ ስትሄድ ከፎቅ ላይ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ። ከሁሉም የከፋኝ፣ ማንም በር ያልዘጋብኝ መሆኑ ነው። እኔ ቤት ውስጥ በር የለም።

እሸቴ ከመሄዱ በፊት ቀና ብሎ፣ «ይሻው፣ እንጨቱን ልተውልህ እወድ ነበር፤ እብናትም ፎቅ ላይ የሚጠብቁኝ ሠራተኞች አሉ» አለኝ። ውሰደው አልኩት። ምን ልበለው?

ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው ብለው ደግ አድርገው አከሟቸው። ሲሻላቸው እኅቴ እቴነሽ ሐሙሲት ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደቻቸው። እኔ እነሆ እዚህ አለሁ። ባለጉዳዮቼ ያለሁበትን ሰምተው ይመጣሉ፤ ጉዳያቸውን ከታች ሆነው በጩኸት ይነግሩኛል፣ እኔ ጽፌ በቅርጫት አወርዳለሁ። ባልና ሚስት የሚያጣሉበትን ምሥጢር መንደሩ ሁሉ ስለሚሰማው ገበያዬ ቀዝቅዟል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እናቴ በየማታው ይደውላሉ። በመጀመሪያው ማታ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ደረጃው እንዴት ሆነ?» አሉኝ። እቴነሽ ስልኩን ከመስጠቷ በፊት «እህል አልቀምስ ብለዋል፣ የሚያበረታ ነገር ንገራቸው» ብላኝ ነበርና፣ «ጀምረውታል» አልኳቸው። በማግሥቱ አጥሚት እንደጠጡ ሰማሁ። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ብረቱ ታሰረ አልኩ። ሲሚንቶው ተሞላ አልኩ። ውኃ እያጠጡት ነው አልኩ። መደገፊያ ብረት ይኑረው ብለው ጠየቁኝ፤ ተበየደለት አልኳቸው። «በቀኝ ነው በግራ?» በግራ። «ደግ፤ ጉልበቴ የግራው ነው።» ቀለሙን ጠየቁኝ፤ አረንጓዴ አልኩ። በየማታው አንድ አንድ ደረጃ እየሠራሁላቸው እሳቸውም ዳኑልኝ።

እቴነሽ እንደምትለው፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን በቅቤ ታሽተው በቤቷ ደጃፍ ባለችው ድንጋይ ላይ አንድ እግር ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ሰው ምን እያደረጉ ነው ሲላቸው «ደረጃ እየተለማመድኩ» ይላሉ።

የመስቀል ዋዜማ ከሐሙሲት በሚነሣው ሚኒባስ ይመጣሉ። አይምጡ ብላቸው ለምን ይሉኛል፤ ለምን የሚለውን ደግሞ ለመመለስ እስካሁን የነገርኳቸውን ሁሉ ማፍረስ አለብኝ። ልወርድና መንገድ ላይ ልቀበላቸው እንዳልል በአባቴ አጥንት ምያለሁ። ዝም ብዬ ልጠብቃቸው እንዳልል፣ ያንን የተለማመዱበትን እግር አንሥተው አንደኛ ፎቅ ላይ ሲቆሙ ከላይ ሆኜ ላያቸው ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ደረጃ አይደለም። በዚህ አጭር ጊዜ ደረጃ እንደማይሠራ፣ በጀትም ከላይ እንደሚጠበቅ ተምሬአለሁ። የምለምንዎ በዚያን ቀን ለጥቂት ደቂቃ ከሐሊማ በር ላይ እንዲቆሙልኝ ነው። እናቴ ያውቁዎታል፤ ቁልፍ የሰጧቸው ሰው ነዎትና ሲያዩዎት ይስሙዎታል፣ ስለ ደረጃው ያመሰግኑዎታል፣ ይመርቁዎታልም። ምርቃቱን ሲጨርሱ እርስዎ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። እኔ አልቻልኩም።

ከጉልበትዎ ሥር ለመውደቅ ፈልጎ መውረጃ ያጣው፣ ክብርዎን ከሁለተኛ ፎቅ አሻግሮ የሚያይ ታዛዥዎ፣

ይሻው ዓለምነው
ባዶ ተብሎ ከተገመተው ቤት፣ ዋንዛ ሜዳ

ማስገንዘቢያ፦ ወደ ቢሮዎ ስመላለስ ጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ደረጃ እንዳለው አይቻለሁ፤ አንዱ ለባለጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ተቆልፎ ይውላል፣ ባለጉዳይ ሲበዛ እርስዎ የሚወጡበት ነው ይላሉ። መውጫ የሌለው ሕዝብና ሁለት መውጫ ያለው ኃላፊ በአንድ ከተማ መገናኘታቸው የፈጣሪ ሥራ ነውና፣ የማይጠቀሙበት ቀን ካለ በውሰት ይስጡን፤ እሸቴ ያለ ክፍያ ነቅሎ መትከል ለምዷል።